እንዳይጎድል ይዩልኝ

«ወንድሜን የገደለው የማን እጅ ነው?»

ወርቁ ይህን ሲጠይቀኝ የክላሹ አፈሙዝ ጉሮሮዬ ሥር ነበር። ብረቱ ፀሐይ ላይ ስለዋለ ይፋጃል። ከኋላው የአርብ ገበያ ሰው ድንጋይ ጨብጦ ቆሟል። እግሬ ሥር ከተቀደደ ከረጢት የፈሰሰ ገብስ አለ፤ ገብሱ ላይ የወንድሙ የአወቀ ደም አለ፤ ደሙ ገብሱን እየለወሰ ወደ ጫማዬ ይመጣል። መልሱን ባውቀው ኖሮ እናገር ነበር፤ ደፋር ሰው አይደለሁም። ግን አላውቀውም ነበር።

ስሜ ጥበቡ ነው። ንፋስ መውጫ ተወልጄ አደግሁ፤ ሰባት ዓመት ቻይና፣ ጂናን በምትባል ከተማ፣ የመኪና ምህንድስና ተማርሁ፤ ባለፈው ዓመት ተመለስሁ። ለምን ተመለስህ ሲሉኝ ለእያንዳንዱ ሰው ሌላ ምክንያት እሰጣለሁ፤ ለራሴ የምሰጠው ግን የለኝም። ሻንጣዬ ከአልጋው ሥር እንደታሰረ ነው። የከተማው መካኒኮች «ምሁሩ» ይሉኛል። የአክስቴ ልጅ አንተነህ ደግሞ «ቻይናው» ይለኛል።

አንተነህ ከንፋስ መውጫ አርብ ገበያ ሚኒባስ ይነዳል። ይነዳ ነበር ማለት እንዳለብኝ አላውቅም።

ሐሙስ ዕለት ሚኒባሱ በእናቱ በእትዬ እመቤት ግቢ በክሪክ ተነሥቶ ቆሞ ነበር። የፊቱን ጎማ ስናወልቅ አንተነህ አፏጨ። የፍሬኑ ሸራ ተበልቶ አልቆ ብረቱ ዲስኩን ሲፍቀው ከርሟል። ዲስኩ እንደታረሰ ማሳ ትልም በትልም ሆኗል፤ ጠርዙ በግለት ብዛት ሰማያዊ መትቷል።

«በዚህ ነው ሰው ስታመላልስበት የኖርኸው?»

«ማርሽ አለ፣ እግዜር አለ። አንተ ቻይናው፣ እዚያ አገር መኪና ያለ ፍሬን አይሄድም እንዴ?»

«መሄድስ ይሄዳል። መቆሙ ነው የሚቸግረው።»

ከት ብሎ ሳቀ። ሲስቅ የፊት ጥርሱ መካከል ያለው ክፍተት ይታያል። ያ ጥርስ በማግስቱ አይኖርም።

አዲሶቹን ዲስኮችና ሸራዎች ደብረ ታቦር ሄጄ ራሴ መርጬ ነው ያመጣኋቸው። ዲስኩ ላይ ያለውን የፋብሪካ ቅባት በቤንዚን ጠረግሁ፣ ፒስተኑን ወደ ቤቱ ገፋሁ፣ ሸራዎቹን አስገባሁ፣ ብሎኑን ሁሉ አጥብቄ ሁለት ሁለት ጊዜ ፈተሽሁ። ሥራው እጄ ላይ ጥሩ ነበር። እንዲህ ስሠራ ብቻ ነው ለመሄድም ለመቅረትም የማላስበው።

የቀረው ዘይቱ ነበር። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት እየሳበ ያረጃል፤ የሚኒባሱ ዘይት ጠቁሮ የጠላ አተላ መስሏል። እሱን አስወጥቶ በአዲስ ለመተካት ሦስት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ፔዳል ይረግጣል፣ አንዱ ጎማው ሥር ተኝቶ አሮጌውን ዘይት በቱቦ ያስወጣል፣ አንዱ ደግሞ ከላይ አዲሱን ይጨምራል። አንተነህ መሪው ላይ ነበር፤ እኔ መሬት ላይ ነበርሁ። ሦስተኛ ሰው አልነበረንም።

«እትዬ፣ እጅዎ ሥራ ፈቷል?»

«መቼ ሥራ ፈትቶ ያውቅና ነው?» አሉ አክስቴ፤ ግን የነጠላቸውን ጫፍ ወገባቸው ላይ ሸብ አድርገው መጡ።

ከመሪው አጠገብ ዳሽቦርዱ ላይ ያለችውን ትንሽ ክዳን ከፍቼ የዘይቱን ማጠራቀሚያ አሳየኋቸው፤ ከቡና ስኒ እምብዛም የማትበልጥ የላስቲክ ዕቃ ናት።

«ይች ከዚህ መስመር በታች ከወረደች አየር ይገባል። አየር ከገባ ፍሬን የለም። ከዚህ ጠርሙስ እየጨመሩ እንዳይጎድል ይዩልኝ።»

«ከጎደለስ?»

እዚህ ላይ ዝም ማለት እችል ነበር። ግን የሚያውቅ ሰው መባል ደስ ይለኛል።

«የአንተነህ ነፍስ ያለችው እዚች ዕቃ ውስጥ ነው» አልኋቸው።

እትዬ እመቤት ዕቃዋን ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ ክዳኗን በነጠላቸው ጫፍ ወለወሉ። እኔ መኪናው ሥር ገባሁ።

«ርገጥ!»

«ረገጥሁ!»

«ያዝ!»

«ይዣለሁ!»

«ልቀቅ!»

ከአራቱም ጎማ እስኪጠራ ድረስ አወጣነው። አዲሱ ዘይት ራሱ ውሃ ይመስላል፤ በቱቦው ሲመጣ መጥራቱን እንጂ ሌላ አላየሁም። ስንጨርስ ከጠርሙሱ ከገመትሁት በላይ ተርፎ ነበር። ስሌቴ እንደተሳሳተ ገባኝ፤ የት እንደተሳሳተ ግን አልጠየቅሁም። ቆጥበናል ብዬ ደስ አለኝ።

ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ መለሰ። ከተማውን ሁለት ጊዜ ዞርንበት፤ ሲነካ ይቆማል። እትዬ እመቤት በር ላይ ቆመው እልል አሉ። «እንግዲህ ታች ስትደርስ ጻፍልኝ» አሉት። ልማዳቸው ነው። አንተነህ ቁልቁለቱን በጨረሰ ቁጥር አንዲት ቃል ይልክላቸዋል፦ «ደረስሁ»። ማንበብ አይችሉም፤ የዚያችን ቃል መልክ ግን ያውቁታል።

ዐርብ ጠዋት ጋቢና ውስጥ ከአንተነህ ጎን ተቀመጥሁ። ከኋላችን አሥራ ስድስት ሰው፣ ጣሪያው ላይ የስኳርና የሳሙና ካርቶን ነበር። ድሮ ያንን ቁልቁለት በሁለተኛ ማርሽ እያጓራ ነበር የሚወርደው፤ ፍሬኑን አያምነውምና። ያን ዕለት ግን አዲስ ፍሬን ነበረው። በአራተኛ ማርሽ ለቀቀው። በየጥምዝምዙ ሲረግጥ መኪናው ይታዘዘዋል።

«አየህ ቻይናው? እንደ ሰለጠነች በቅሎ!»

«ማርሽ ቀንስ።»

«በገዛ ሥራህ አታምንም እንዴ?»

ዝም አልሁ። ያ ዝምታም ይቆጠርብኛል።

ቁልቁለቱን ከተጋመስን በኋላ የተቃጠለ ሸራ ሸተተኝ። አዲስ ሸራ መጀመሪያ ላይ ይሸታል ብዬ ራሴን አታለልሁ። በሚቀጥለው መታጠፊያ አንተነህ ረገጠና ፊቱ ተለወጠ። ደግሞ ረገጠ። እግሩ እስከ ወለሉ ወረደ።

«የለም» አለ በቀስታ። «ጥበቡ፣ የለም።»

«ርገጥ!»

«ረገጥሁ እኮ!»

ማርሹን ወደ ታች ሊመታው ሲል የካምቢዮው ጥርሶች ተንጫረሩ፤ አልገባም። የእጅ ፍሬኑን በሁለት እጄ ሳብሁት፤ ከኋላ የጎማ ጭስ ተነሣ፣ ፍጥነቱ ግን አልበረደም። ከኋላችን ሰው ሁሉ በአንድ ድምፅ ጮኸ። አንተነህ በግራችን ካለው የተራራ ግድግዳ ጋር መኪናውን አላተመው። መስታወቱ ተገነጠለ፣ በሩ እንደ ቆዳ ተገሸለጠ፣ የአንዲት ሴት ክንድ መስኮቱና አለቱ መካከል ሲሰበር ሰማሁት። አለቱ ተፋን። እንደገና አላተመው። እንደገና ተፋን።

ከዚያ መንገዱ ቀና አለና የገበያው አፍ ታየ።

ዐርብ ነው። መንገዱ በአህያና በሰው ተሞልቷል። አንተነህ ክላክሱን ተጭኖ ይጮሃል፤ ሰው እንደ ውሃ ለሁለት ተከፈለ። አንዲት አህያ ተመትታ መስታወቱን ይዛ ገባች፤ ስባሪው ፊታችን ላይ ፈሰሰ። አወቀ ጀርባውን ሰጥቶ፣ በርከክ ብሎ የገብስ ከረጢት አፍ ይሰፋ ነበር። ወስፌው እጁ ላይ ነው። ሰው ሲጮህ ራሱን ቀና አደረገ፣ ለመዞር ግን አልደረሰም። ሰውነቱ ከፊተኛው ጎማ ሥር ገባ። መኪናው በእሱ ላይ ተንሥቶ በጎኑ ወደቀና ቦይ ውስጥ ተሰነቀረ።

ለጥቂት ጊዜ የጎማው ሽክርክሪት ብቻ ይሰማ ነበር። እኔ የገጠምሁት ዲስክ ቀልቶ ነበር። ከላይ የተንጠለጠለችው አህያ ደም ይንጠባጠብበታል፤ እያንዳንዱ ጠብታ ሲያርፍበት ቸስ እያለ ይጠበሳል።

ከዚያ ሰዎች መጡ።

አንተነህን በመስኮት ጎትተው አወጡት። የመጀመሪያው ድንጋይ አፉ ላይ አረፈ፤ እነዚያን ጥርሶች ተፋቸው። ሁለተኛው ጆሮውን ለሁለት ሰነጠቀው። አንዱ በአህያ መጫኛ አንገቱን ጠልፎ ይጎትተዋል፣ ሌሎች በዱላ ጀርባውን ይወቁታል፤ አውድማ ላይ እንደሚወቃ እህል ነበር የሚወቁት፣ ተራ በተራ። እኔ ከበሩ ግማሽ አካሌን አውጥቼ አየው ነበር። ስሙን ጠርቼ መጮህ እችል ነበር። ድምፄን ቢሰሙ ወደ እኔ ይዞራሉ ብዬ ፈራሁ።

ያዳኑት መምሬ ገብረ መድኅን ናቸው፤ የአርብ ገበያ ቄስ። ዱላው መሐል ገብተው ጋቢያቸውን አውልቀው አንተነህ ላይ ጣሉበትና በላዩ ተደፉ። አንድ ዱላ ትከሻቸውን መታቸው።

«ምታ!» አሉት የመታውን ሰው። «ድገመኝ! ነገ ደግሞ እኔው ዘንድ ንስሐ ትመጣለህ!»

ሰዉ ግማሽ እርምጃ አፈገፈገ። መምሬ አንተነህን ለሁለት ዲያቆናት አስረከቡት፤ ዲያቆናቱ ብብቱን ይዘው እየጎተቱ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ አስገቡት።

ወርቁ የደረሰው ያኔ ነው። የቀበሌ ሚሊሻ ነው፤ ከጥበቃው እንደሮጠ የመጣ። የወንድሙን ፊት ገልጦ አየ፣ መልሶ ሸፈነው፣ ከዚያ እኔን ጎትቶ አወጣኝና ያንን ጥያቄ ጠየቀኝ።

«ፍሬኑን የሠራሁት እኔ ነኝ» አልሁት። «አዲስ ነው። ለምን እንደከዳን አላውቅም።»

«ፍሬን ሰው ነው እንዴ የሚከዳ?» ቃታውን ሲነካው አየሁት። «የማን እጅ ነው? ያንተ? የሱ?»

«ወርቁ!» መምሬ መስቀላቸውን ይዘው እያለከለኩ ደረሱ። «ገዝቼሃለሁ! በዚህ መስቀል ገዝቼሃለሁ! ጣትህን አንሣ!»

«መምሬ፣ ይልቀቁኝ።»

«መጀመሪያ ቅበረው። ገና ሬሳው ሳይነሣ ሌላ ሬሳ ትጨምራለህ?»

ወርቁ ዞሮ የወንድሙን ሬሳ አየ። ከዚያ አፈሙዙን ከጉሮሮዬ አነሣ።

«እስከ ሠልስቱ። እሑድ የማን እጅ እንደሆነ ይነግረኛል። ካልነገረኝ ሁለቱንም እወስዳለሁ። ደሙን ሳልመልስ ራሴን አልላጭም!»

በዚያ ምሽት መምሬ አንተነህን በቅሎ ላይ አስረው ወደ ስማዳ፣ አፋፉ ሚካኤል ወደሚባል ገዳም መሰል ደብር ላኩት። ቦታውን የምናውቀው እሳቸው፣ እኔና እናቱ ብቻ ነበርን።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ተገለበጠው ሚኒባስ ተመለስሁ። ከዞን የሚመጣው መርማሪ ሰኞ ይደርሳል ተብሎ ነበር፤ የእኔ ቀን ግን እሑድ ነው። ወርቁ ከመኪናው አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ጠመንጃው ጭኑ ላይ ነው።

«ምን ትፈልጋለህ?»

«መልስህን።»

እጁን ዘርግቶ መኪናውን አሳየኝ። ጎማውን አወለቅሁ። ሸራው ደህና ነው። ዲስኩ ደህና ነው። ቱቦዎቹ አልተቆረጡም። ዘይት የፈሰሰበት ቦታ የለም። ሁሉም እኔ እንደተውሁት ነው፤ ይህ ነው ያስደነገጠኝ። ከጎማው ያለችውን የማስወጫ ብሎን ፈታሁና ዘይቱን በትንሽ ጠርሙስ ቀዳሁ።

«ወስፌው ከመዳፉ አልወጣም አለን» አለ ወርቁ ድንገት። ለእኔ ይሁን ለራሱ እንጃ። «ስንገንዘው ጣቱን መፍታት አቃተን። እንደያዘው ቀበርነው።»

የጠርሙሱን አፍ በጨርቅ ደፈንሁ።

«አሞት ይሆን?»

«አላወቀም» አልሁ። «አልዞረም።»

«ውሸትህን ከሆነ እሑድ አውቀዋለሁ» አለኝ፤ ግን ፊቱን አዞረ፤ ሲያለቅስ እንዳላየው።

ንፋስ መውጫ ስመለስ በአክስቴ ግቢ ከሰል አቀጣጥዬ ሁለት የቲማቲም ድልህ ጣሳ ጣድሁ። አንደኛው ውስጥ ሐሙስ ከጠርሙሱ የተረፈውን አዲስ ዘይት፣ ሁለተኛው ውስጥ ከአደጋው መኪና የቀዳሁትን። አዲሱ ዘይት ዝም ብሎ ጋለ። ሁለተኛው ወዲያው ተንጫጫ፣ አረፋ ደፈቀ፣ ነጭ እንፋሎት ለቀቀ።

እትዬ እመቤት ከቤት ወጡ። ከዐርብ ጀምሮ እህል አልቀመሱም።

«ይኸኛው ለምን ይንጫጫል?»

«ውሃ አለበት፣ እትዬ። ዘይቱ ውስጥ ውሃ ገብቷል። ፍሬኑ ሲግል ውሃው ይፈላና እንፋሎት ይሆናል። ከዚያ እግር ሲረግጥ እንፋሎቱ ይጨመቃል እንጂ ፍሬኑን አይገፋም። ግን ከየት ገባ? ጠርሙሱ አዲስ ነው። እኔው ነኝ የከፈትሁት።»

እሳቱ አጠገብ ቁጢጥ አሉ። ጣሳው ይንጫጫል።

«ውሃ አይደለም» አሉ በመጨረሻ። «ጠበል ነው።»

ቀና ብዬ አየኋቸው።

«ሦስት ጊዜ ነው የጨመርሁበት። በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ። አንተ መኪናው ሥር ሆነህ ርገጥ ልቀቅ ስትል፣ ሲጎድል ሲጎድል። ነፍሱ ያለችው እዚህ ውስጥ ነው አላልኸኝም? የልጄን ነፍስ ታዲያ በምን ልጠብቃት? በዚያ በሚሸት ዘይት?»

ከዚያ ያልሁት ነገር ሁሉ ገባቸው። መጀመሪያ ደረታቸውን መቱ። ቀጥሎ በሁለት እጃቸው ፊታቸውን ከግንባራቸው እስከ አገጫቸው ቧጠጡት፤ ጥፍራቸው በሄደበት ደም ተከተለ። እጃቸውን ስይዝ ነከሱኝ። መሬት ላይ ታግለን ወደቅን፤ ከሰሉ ተገለበጠ፣ የፈላው ዘይት ክንዴን ላጠው። ሲደክማቸው ደረቴ ላይ ተደፍተው ተንሰቀሰቁ።

«ለማንም አይናገሩ» አልኋቸው። «እሑድ እኔ እመልሳለሁ።»

«ምን ብለህ?»

«እጁ የእኔ ነው እላለሁ።»

ጀግንነት አልነበረም። ሽማግሌ ይይዘዋል፣ ካሣ ይቆረጣል፣ ብዙ ቢሆን እደበደባለሁ ብዬ አስቤ ነው። ደግሞም ግማሹ እውነት ነበር። ለእሳቸው ጠርሙሱን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ነፍስ ዕቃ ውስጥ አለች ብዬ የተናገርሁት እኔ ነኝ፤ የተረፈውን ዘይት አይቼ ያልጠየቅሁት እኔ ነኝ። ወርቁ ስለ እጅ ጠየቀኝ እንጂ ስለ አፍ አልጠየቀኝም።

ለመምሬ ግን ነገርኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። «ጠበል ለሰው ነው እንጂ ለብረት ማን አላቸው?» አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ «እኛው ነን። ሁሉንም በጠበል እጠቡ ያልን እኛው ነን።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ አወቀ ቤት ሄድን። እንደ አገሩ ወግ የበደለ ሰው እንደሚያደርገው ድንጋይ ተሸክሜ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ ከመምሬ ኋላ ገባሁ። ዳሱ ውስጥ ሰው ንፍሮ ይዞ ተቀምጧል። ስገባ ማኘኩ ቆመ።

ወርቁ ከመካከል ተነሣ።

«የማን እጅ ነው?»

«የእኔ ነው» አልሁ ከድንጋዩ ሥር። «የፍሬኑን ዘይት ስቀይር ውሃ ገብቶበታል። አላየሁም። አንተነህ የሚያውቀው የለም።»

«የትኛው እጅ?»

አልገባኝም።

«ቀኙ ወይስ ግራው?»

«ቀኙ» አልሁ።

የተሸከምሁትን ድንጋይ ከአንገቴ አንሥቶ መሬት ላይ አስቀመጠው። ቀኝ እጄን ድንጋዩ ላይ ዘርግቶ በእግሩ ክንዴን ረገጠ። በሰደፉ የመጀመሪያውን ሲመታ ጣቶቼ እንደ ደረቅ ጭራሮ ተሰበሩ። በሁለተኛው አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ወጣ። በሦስተኛው ምንም አልተሰማኝም፤ ድምፁን ብቻ ሰማሁ። ሽማግሌዎች ተነሥተው ይጮሃሉ፤ የወርቁ ዘመዶች ዱላ ይዘው ከልክለዋቸዋል። መምሬ መስቀሉን ይዘው ይገዝታሉ። ወርቁ ጠመንጃውን ገልብጦ አፈሙዙን ጆሮዬ ላይ አደረገ።

«እኔ ነኝ! እኔ ነኝ ወርቁ!»

እትዬ እመቤት ነበሩ። ከንፋስ መውጫ በእህል ጭነት መኪና ተከትለውን መጥተዋል። ነጠላቸው መሬት ይጠርጋል፣ ፊታቸው ላይ ያለው ቁስል ተከፍቷል።

«ልጁን ተው! ውሃውን የጨመርሁ እኔ ነኝ! ልጄም ይኸም ልጅ ንጹሕ ናቸው! ካላመንኸኝ በአፋፉ ሚካኤል! በአፋፉ ሚካኤል እምላለሁ!»

ይገዝቱ የነበሩት መምሬ መስቀላቸውን ዝቅ አደረጉ።

በእኛ አገር ሰው በደብሩ ታቦት ነው የሚምለው። እትዬ እመቤት ዕድሜ ልካቸውን በማርያም ነው የማሉት። ግን ሁለት ሌሊት ሙሉ «ልጄን ጠብቅልኝ» እያሉ የለመኑት ሌላውን ነበር፤ አፋቸው ላይ የቀደመውም እሱ ሆነ።

ወርቁ አፈሙዙን ከጆሮዬ አነሣ።

«አፋፉ ሚካኤል?» አለ፤ ቃሉን እያላመጠው። «አፋፉ ሚካኤል እኮ ስማዳ ነው።»

እትዬ እመቤት አፋቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ሴት አልገድልም» አላቸው ወርቁ፣ በእርጋታ። «የእናት እጅ ከገደለ የሚከፍለው ልጇ ነው። አንተም ምሁሩ፣ እጅህን ከፍለሃል፤ ተነሣ።»

ሁለት ዘመዶቹን ጠርቶ ወጣ። ስማዳ በእግር የግማሽ ቀን መንገድ ነው። እትዬ እመቤት እግሩ ላይ ተጠምጥመው እስከ አጥሩ ድረስ ተጎተቱ። እዚያ አላቀቋቸው።

በግራ እጄ ስልኬን አወጣሁ። አንተነህ ዘንድ ብደውል አይነሣም። ቤቱ ጀርባ ካለው ጉብታ ላይ ወጥቼ፣ የተሰበረው እጄ ደም እያንጠባጠበ፣ እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦ «ከአፋፉ ሚካኤል አሁኑኑ ውጣ። ወርቁ አውቋል። በእግር መንገዱ እየመጣ ነው። ጥፋቱ ያንተ አይደለም።» ስልኩ ተልኳል አለኝ።

መምሬ በቅሎ አስጭነው ተከተሉ። ሰኞ ማታ ብቻቸውን ተመለሱ።

«የለም» አሉ። «ዲያቆናቱ እንደነገሩኝ እሑድ ጎሕ ሲቀድ ወጥቷል። እየሸሸ አይደለም። ሠልስቱ ላይ ልድረስ፣ እግራቸው ላይ ልውደቅ ብሎ እያነከሰ ወደዚህ ነው የመጣው። በዚያው በእግር መንገዱ።»

ማክሰኞ ወርቁን አየሁት። በአርብ ገበያ ዋና መንገድ ላይ ጠመንጃውን አንግቶ ይሄድ ነበር። ራሱን ተላጭቷል። ዓይን ለዓይን ተያየን። ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው ነው፤ አሁን እኔ አንድ ጥያቄ ነበረኝ። ፊቱን አዞረ።

ሬሳ አልተገኘም። በእግር መንገዱ ዳር ያለው ገደል ጥልቅ ነው፣ ጅብ አለ፤ ፖሊስ ሄዶ የተቀደደ ጫማ እንኳ ሳያገኝ ተመለሰ። እጄን ንፋስ መውጫ በጀሶ አሰሩልኝ። ሐኪሙ ሁለቱ ጣቶች ከእንግዲህ ብሎን አያጠብቁም አለኝ። ሻንጣዬ ከአልጋው ሥር ነው፤ አሁን ግን ልቅር ብልም ማሠሪያውን በአንድ እጄ መፍታት አልችልም።

ዛሬ ዐርብ ነው። እትዬ እመቤት ጠዋት መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ስልካቸውን ሰጡኝ። ማያው ላይ የድሮዎቹ መልእክቶች ተደርድረዋል፤ ሁሉም አንድ ቃል ናቸው፦ ደረስሁ፣ ደረስሁ፣ ደረስሁ።

«ጻፍልኝ» አሉ።

«ምን ልበለው፣ እትዬ?»

«ደረስህ ወይ በለው።»

በግራ አውራ ጣቴ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ፈልጌ ጻፍሁ። ላክሁት። ስልኩን መልሰው ተቀበሉኝና በሁለት እጃቸው ይዘው፣ በዚያ ሐሙስ ያችን የዘይት ዕቃ እንዳዩዋት ያዩት ጀመር። ፀሐዩ ከግቢው ወጣ፣ ገበያተኛው ከቁልቁለቱ ተመለሰ፣ አህዮቹ ባዶ ጀርባቸውን ይዘው አለፉ።

ማያው ላይ ያለው የመጨረሻ ቃል እኔ የጻፍሁት ነው፦ «ደረስህ?»